ማዘጋጃ ጉዳይ አለኝ፣ የትኛው በር ልሂድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው «ማዘጋጃ ጉዳይ አለኝ» ካለ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። የካርታ ጉዳይ፣ የልጅ ልደት፣ የተደፈነ ቱቦ፣ የአጥር ክርክር። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ትንንሽና መካከለኛ ከተሞች የሚሆኑ ናቸው። የቢሮዎቹ ስም ከክልል ክልል ይለያያል። አንዱ ጋ «መምሪያ» የሚባለው ሌላው ጋ «ጽሕፈት ቤት» ነው፤ በየጥቂት ዓመቱም ይቀየራል። ሥራው ግን ያው ነው።

ማዘጋጃ ቤትና ከተማ አስተዳደር አንድ ናቸው?

ግቢው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ይለያያል። ከተማ አስተዳደሩን የሚመራው ከንቲባው ነው፤ ተጠሪነቱም ለከተማው ምክር ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቱን የሚያስኬደው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው። መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ የመቃብር ቦታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ እነዚህ የማዘጋጃ ሥራዎች ናቸው። ትምህርት፣ ጤና፣ ንግድ ፈቃድ ደግሞ በየራሳቸው ጽሕፈት ቤት ያልቃሉ።

ዋናው ልዩነት ኪስ ላይ ነው። የትምህርትና የጤና ሠራተኛ ደመወዝ በመንግሥት በጀት ይሸፈናል። ማዘጋጃ ቤታዊው ክፍል ግን በአብዛኛው ከተማዋ ራሷ ከምትሰበስበው ገቢ ነው የሚኖረው። ከቦታ ኪራይ፣ ከሊዝ፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ ከገበያ ቀን ኪራይ። ገቢዋ የደከመ ከተማ ውስጥ ቱቦ የሚጠርግ ሰው ሲጠፋ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቶች በሕግ የቆሙት በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። ቀበሌ የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ነው።

ታዲያ ቀበሌ ልሂድ ወይስ ማዘጋጃ?

እኔ ለሰው የምነግረው እንዲህ ነው፦ ጉዳዩ ስለ ሰው ከሆነ ቀበሌ፣ ስለ ቦታ ከሆነ ማዘጋጃ። መታወቂያ፣ ልደት፣ ሞት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ መሸኛ ቀበሌ ናቸው። ካርታ፣ ግንባታ፣ ወሰን፣ መንገድ ማዘጋጃ ናቸው። ሁልጊዜ አይሠራም፤ የቀበሌ ቤት ለምሳሌ ቦታም ሆኖ ቀበሌ ነው። ግን ከአሥር ሰው ሰባቱን ትክክለኛው በር ላይ ያደርሳል።

ውኃና መብራት የሁለቱም አይደሉም። ውኃ የራሱ አገልግሎት መሥሪያ ቤትና የራሱ ቦርድ አለው። መብራት የፌደራል ነው። ውኃ ሲጠፋ ከንቲባው በር ላይ ተሰልፎ መጮህ ልብ ያሳርፍ ይሆናል፤ ቧንቧውን የሚከፍተው ሰው ግን ሌላ ግቢ ነው ያለው።

ስንት ሰዓት ልሂድ?

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30። ዓርብ ጠዋት በ5፡30 ይዘጋል፤ ከሰዓት እንደተለመደው በ7፡30 ይከፈታል። የዓርቡን ረስቶ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከገጠር ደርሶ በረንዳ ላይ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ የተለመደ ነው። የሚፈርም ሰው የሚፈልግ ጉዳይ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። በገበያ ቀን አይሂዱ፤ ግማሹ ገጠር ያኔ ነው የሚመጣው።

ልጄ ተወልዷል፤ እስከ መቼ ነው የማስመዘግበው?

በ90 ቀን ውስጥ። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ይባላል፤ ቀበሌ ነው የሚገኘው።

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከወለዱ «የልደት ማሳወቂያ» ወረቀት ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው ይህንኑ ወረቀት የልደት ሰርተፍኬት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሰርተፍኬት አይደለም። እሱን ይዘው ቀበሌ ሄደው ነው ሰርተፍኬቱ የሚወጣው። 90 ቀኑ ካለፈም ይመዘገባል፤ ግን ለምን እንደዘገዩ ማስረዳት ይመጣል፣ ወረቀቱም ይበዛል።

ስሙን ሲያስጽፉ አጠገቡ ቆመው ፊደሉን ይዩ። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለፓስፖርት ክፍል ሁለት ሰው ነው።

«ማዘጋጃ መጋባት» ማለት ምንድን ነው?

በክብር መዝገብ ሹም ፊት መፈራረም ማለት ነው። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካህ ወይም በባህል የተጋባም ሰው ጋብቻው በሕግ የጸና ነው፤ ግን ማስመዝገብ አለበት። የሚያስታውሰው አብዛኛው ቪዛ ሲመጣ ወይም ውርስ ሲነሳ ነው።

ፋይዳ አለኝ። የቀበሌ መታወቂያ አሁንም ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል። ፋይዳ ማን እንደሆኑ ይናገራል። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የት እንደሚኖሩ። ከሌላ ከተማ ከመጡ መጀመሪያ ከለቀቁት ቀበሌ መሸኛ ይዘው ይምጡ። ያለ መሸኛ የመጣን ሰው የሚመዘግብ ቀበሌ አላጋጠመኝም።

ካርታዬን አወጣሁ። ምን ምኑን ልይ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ካርታ ሲቀበል ማኅተሙን አይቶ አጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

መጀመሪያ ስምዎን እስከ አያት ድረስ ከመታወቂያዎ ጋር ያስተያዩ። ቀጥሎ የይዞታውን ዓይነት ይዩ፦ ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ነባር ከሆነ በየዓመቱ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላሉ። ሊዝ ከሆነ ውል አለ፣ ዓመታዊ ክፍያ አለ፣ ዘመንም አለ፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። ከዚያ አገልግሎቱን፦ መኖሪያ፣ ንግድ ወይስ ቅይጥ? መኖሪያ በሚል ካርታ ላይ ሱቅ ከፍተው ንግድ ፈቃድ ሲጠይቁ ነገሩ እዚያ ይቆማል።

ከዚያ አዋሳኞቹ። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ። አሮጌ ካርታዎች ላይ «አቶ እገሌ» ይላል፤ አቶ እገሌ ሸጠው ከሄዱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ በአንድ ወገን «መንገድ» ተብሎ ተጽፎ መሬቱ ላይ የሰው አጥር ካለ ነው። ያኔ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ጎረቤት ቪላ ከሠራበት በኋላ መንገድ ነበር ማለት የዕድሜ ልክ ክስ ነው።

መጨረሻ ስፋቱ። ሜትር ተበድረው ራስዎ ይለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ መሬቱ 213 ቢሆን «ደግ ነው» ብለው ዝም አይበሉ። ትርፍ ይዞታ የሚስተናገድበት መመሪያ በየክልሉ አለ፤ ሲሸጡ ወይም ሲያወርሱ መውጣቱ አይቀርም። መሃንዲሱ ችካል ሊተክል ሲመጣ ጎረቤቶችዎ እንዲቆሙ ያድርጉ። ችካሉ ሲመታ ያየ ጎረቤት በኋላ አላየሁም ለማለት ይከብደዋል።

የራሴ ግቢ ውስጥ ለመሥራት ለምን ፈቃድ እጠየቃለሁ?

ቦታው የእርስዎ ይዞታ ቢሆንም ሕንፃው የሕንፃ አዋጅ አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 624 የተደነገገው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ ሁሉ ነው። ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሏል። በትንሽ ከተማ የምንሠራው ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ምድብ ሀ ነው፤ የሚጠየቀውም ወረቀት ቀለል ይላል። ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ፣ ወይም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሕንፃ ምድብ ሐ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይጠይቃሉ፤ ከተማዋ እዚያ ቦታ ላይ ምን ለማድረግ አስባለች የሚለውን ነው የሚነግርዎት። መንገድ ሊወጣበት የታሰበ ቦታ ላይ ብሎኬት ከመደርደር የሚያድንዎት ይህ ወረቀት ነው። ከዚያ ንድፍ ያሠራሉ፣ ያስገባሉ፣ ፈቃድ ይወስዳሉ። ሥራ ሲጀምሩ ያሳውቃሉ። መሠረቱ ተቆፍሮ ብረቱ ከታሰረ በኋላ፣ ኮንክሪት ሳይሞላ፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ ማየት አለበት። አናጢዎ «ሳያዩን እንሙላው» ካለዎት አይስሙት። የሚቀጡት እርስዎ ነዎት፤ እሱ በሳምንቱ ሌላ ሳይት ላይ ነው።

ቀለም ለመቀባት ማንም አይጠይቅዎትም። ክፍል መቀጠል፣ ግድግዳ ማንሳት፣ ወደ ላይ መጨመር ግን ፈቃድ ነው። ለአጥርም አስቀድመው ይጠይቁ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር በራስዎ ካርታ ውስጥ ቢሆንም ደንብ አስከባሪ ያስቆመዋል። ጨረቃ ቤት ከሆነማ፣ ማለትም ካርታ በሌለው ቦታ ሌሊት የተሠራ ቤት፣ ማፍረስ ነው። ከደላላ ቦታ የሚገዙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ዕንባ ይተርፍ ነበር። በአገር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ውል ማዘጋጃ ውስጥ ካርታ አይሆንም።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ልጠግነው እችላለሁ?

ጣሪያ ካፈሰሰ ለቀበሌው በጽሑፍ ያሳውቁና ፈቃድ ይዘው ያድሱ። ያወጡትን ወጪ በኪራይ ማቻቻል የሚቻልበት ቦታ አለ፤ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማሙ ግን አይታሰብም። መሸጥ አይቻልም። ለሦስተኛ ወገን ማከራየትም አይቻልም፤ መኖሩ ግን የአደባባይ ምስጢር ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ቤቴ ይገባል። ለማን ልናገር?

ለማዘጋጃው የመሠረተ ልማት ክፍል፤ ደግሞም በሚያዝያ እንጂ በሐምሌ አይደለም። ቱቦ የሚጠረገው ዝናቡ ሳይጠና ነው። ሐምሌ ላይ ሄደው ቢጮኹ ቢበዛ ሁለት ሠራተኛ አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ ማታ የዘነበው ደግሞ መልሶ ይሞላዋል።

ቱቦው ለምን እንደሚደፈን ማየት ከፈለጉ ሲጠረግ ቆመው ይመልከቱ። ከላይ የሚወጣው ፌስታልና የሀይላንድ ጠርሙስ ነው። ሁሉም እሱን አይቶ ይሳደባል። ከታች ያለውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፦ አሸዋና ጠጠር። ጎረቤት ቤት ሊሠራ መንገድ ዳር አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ያስደፋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲሶውን ይዞ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ፌስታሉ ሲመጣ የሚጣበቅበት ነገር አገኘ ማለት ነው። የግንባታ ዕቃ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ፈቃድ የሚጠይቀው ለዚህም ጭምር ነው። ደንብ አስከባሪዎች ሎሚ በምትቸረችር ሴት ላይ የሚያሳዩትን ትጋት በአሸዋ ክምር ላይ ቢያሳዩት ግማሹ ጎርፍ ይቀር ነበር።

ሌላው የቱቦ ክዳን ነው። የተሰበረ ወይም የጠፋ ክዳን ካዩ የሰፈሩን ምልክት ጠቅሰው ፎቶ አንስተው ያስገቡ። ማታ ሰው ይገባበታል፤ ልጅም ይገባበታል። የመጸዳጃ ፍሳሽን ወደ ዝናብ ቱቦ መልቀቅ ደግሞ ክልክል ነው። ጉድጓዱ ከሞላ የመምጠጫ መኪና ተመዝግበው ያስመጡ። ትንሽ ከተማ ውስጥ መኪናው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ወረፋ አለው።

ሰፈራችን ኮብልስቶን እንዲነጠፍ ምን እናድርግ?

ተደራጁና ተመዝገቡ። በብዙ ከተሞች ነዋሪው የወጪውን ድርሻ ያዋጣል፣ ከተማዋ ቀሪውን ትችላለች። ኮሚቴ መርጦ በየቤቱ ዞሮ ገንዘቡን ቀድሞ በባንክ ያስገባ ሰፈር ወረፋው ፊት ይመጣል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የከተሞች ፕሮግራም እስከ 117 ከተሞች ደርሶ ነበር፤ በየከተማው ያያችሁት ንጣፍና ቱቦ የተወሰነው የዚያ ሥራ ነው።

ከተነጠፈ በኋላ የሚመጣውን ጣጣም እወቁት። ውኃ የሚያስገባ ሰው ድንጋዩን ነቅሎ ይቆፍራል፣ ቧንቧውን ይቀብራል፣ ድንጋዩን ዳር ከምሮ ይሄዳል። መንገዱን እንደነበረ የመመለስ ግዴታ የቆፋሪው ነው። ሲቆፈር ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንም ያዙ። ድንጋዩ ተለቅሞ ለአጥር ከሄደ በኋላ ማን እንደቆፈረ የሚያስታውስ አይገኝም።

ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች የማዘጋጃ ሠራተኞች ናቸው?

አብዛኞቹ አይደሉም። በማኅበር የተደራጁ ናቸው። ከቤት ለቤት በጋሪ ሰብስበው ገንዳ ጋ ያደርሳሉ፤ ገንዳውን አንስቶ ማስወገጃ ቦታ የሚያደርሰው የማዘጋጃው መኪና ነው። ስለዚህ ጋሪው ካልመጣ ማኅበሩን፣ ገንዳው ሞልቶ ከፈሰሰ ማዘጋጃውን ይውቀሱ። ለማኅበሩ የሚከፈለው ገንዘብ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዛል። እውነቱን ለመናገር ይህን አንቀጽ በከተማችን የሚያስከብረው ልዋጭ ነው። ጠርሙሱን፣ ጄሪካኑን፣ ብረቱን ገንዳ ሳይደርስ ይወስደዋል።

የመንገድ መብራት ጠፋ።

ለማዘጋጃ። ኃይሉ የመብራት ኃይል ነው፣ መብራቱ የከተማዋ ነው። ስንተኛው ምሰሶ እንደሆነ ይናገሩ፤ «እኛ ሰፈር» ብቻ ካሉ የሚመጣው ሰው ቀን ነው የሚመጣው፣ ቀን ደግሞ ሁሉም ጠፍቷል።

ለበዓል በሬ ቄራ ወስጄ ማሳረድ ግዴታ ነው?

ለሽያጭ የሚታረድ ሥጋ አዎ። ቄራ ውስጥ ባለሙያ ከብቱን ከመታረዱ በፊትም፣ ከታረደ በኋላም ይመረምራል፣ ከዚያ ማኅተም ይመታል። ሉካንዳ ሲገቡ ማኅተሙን መጠየቅ መብትዎ ነው። የቅርጫ ሥጋ ግን በየሰፈሩ ይታረዳል። ቢያንስ ጉበትና ሳንባውን ከብት ሐኪም የሆነ ዘመድ እንዲያየው ያድርጉ፤ ፈርሱንም ቱቦ ውስጥ አይድፉ። ለበዓል ማግስት ጎርፍ የሚሆነው እሱ ነው።

ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ማዘጋጃ። ሰው ተማርሮ «ማዘጋጃ ይቅበረኝ» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ፖሊስ ያሳውቃል፣ ማዘጋጃ መኪና፣ ሣጥንና ሠራተኛ ያዘጋጃል። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሰፈሩ ዕድር ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የቤቴን ጉዳይ እንዴት ልጨርስ?

ዓመታዊ ግብር ለመክፈል አብዛኛውን ጊዜ ውክልና አይጠየቅም፤ ወንድምዎ የካርታውን ኮፒና የአምናውን ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። ስም ለማዛወር፣ ለመሸጥ፣ ካርታ ለማሳደስ ግን ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ ከዚያ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደርሶ ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንዲያደርግልዎ እንደወከሉት በዝርዝር ያጽፉ። «ስለ እኔ ሆኖ ጉዳዬን ሁሉ» የሚለው ሰፊ ይመስላል፤ ለሽያጭ ሲቀርብ ግን «መሸጥ የሚል አልተጻፈም» ተብሎ ይመለሳል።

በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ከተማዎ መቼና እንዴት እንደሚጀምረው የሚወስነው የክልሉ ሕግ ስለሆነ፣ የግብር ደረሰኝ ሲቆረጥ አብረው ያስጠይቁ።

«ፋይሉ የለም» ቢሉኝስ?

ፋይል ሦስት ቦታ ነው የሚቀረው፦ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ የባለሙያው ጠረጴዛ ላይ፣ ወይም የሆነ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ። በመጀመሪያ የገቡበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ መዝገቡ ላይ ለማን እንደተመራ ተጽፏል። ከዚያ ወደ ተጻፈው ሰው ይሂዱ። ቁጥሩን ሳይዙ «ባለፈው ሰጥቼ ነበር» ብቻ ካሉ ጸሐፊዋም ልትረዳዎ አትችልም። ማመልከቻ ባስገቡ ቁጥር በእጅዎ ያለው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ያስመቱ።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ያንብቡ። የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን፣ በስንት ብር፣ ምን ምን ማስረጃ ይዞ እንደሚያልቅ ይናገራል። ቀኑ ካለፈ በጽሑፍ ቅሬታ ሰሚ ጋ ያስገቡ። እዚያ ካልሆነ ኃላፊው፣ ከዚያ ከንቲባው። በዚህም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የአስተዳደር በደልን በነፃ ይመረምራል። «ሲስተም የለም» ከተባሉ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ ይጠይቁና የሚደውሉበት ቁጥር ይውሰዱ።

በር ላይ ቆሞ «ቶሎ ላስጨርስልዎ» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ጊዜ የሚያደርገው ነገር እርስዎ ራስዎ ቆመው የሚሞሉትን ቅጽ ሞልቶ መስጠት ነው።

ከፍዬ ደረሰኝ ባይሰጡኝ?

ይጠይቁ፣ ካልሰጡም አይሂዱ። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ የመጣውን መልእክት አይደምስሱ፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የግብር ደረሰኝ የአንድ ዓመቱ ብቻ አይበቃም። ካርታ ሲያሳድሱ ወይም ስም ሲያዛውሩ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ይጠየቃሉ፤ የጎደለ ዓመት ካለ ከነቅጣቱ እንደገና የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የደረሰኙ ቀለም በጊዜ ስለሚደበዝዝ ኮፒ ያንሱለት።